ካፌ ሬሰር ወይስ ስክራምብለር? አሮጌ ሞተር ከመቆረጡ በፊት

አሮጌ ሞተር ገዝቶ እንደ ልቡ ማሠራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ፎቶ ያያል። ዝቅ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ መቀመጫው ጫፉ ላይ ጉብ ያለ ካፌ ሬሰር ያይና ልቡ ይሰረቃል። ትንሽ ቆይቶ ጎማው ጥርስ ያለው፣ ማርሚታው ወደ ላይ የተሰቀለ ስክራምብለር ያያል፤ ያኔ ሐሳቡ ይከፈላል። ፎቶ ግን ጀርባ ሲያም አያሳይም። ምርጫውን የሚወስኑት የምትነዱበት መንገድ፣ የእጅ አንጓችሁና ወገባችሁ፣ ከዚያም ያገኛችሁት ሞተር ሻንሲ ናቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ውስጥ ለሚነዳ፣ አልፎ አልፎም ከአስፋልት ለሚወጣ ሰው ስክራምብለር ይሻለዋል። ጥሩ አስፋልትና ረጅም ጠመዝማዛ መንገድ ላለው ሰው ግን ካፌ ሬሰር የሚሰጠውን ደስታ ሌላ ሞተር አይሰጠውም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መልካቸው ከየት መጣ

ካፌ ሬሰር የ1950ዎቹና የ60ዎቹ እንግሊዝ ልጅ ነው። ለንደን ውስጥ ኖርዝ ሰርኩላር በሚባለው መንገድ ዳር ኤስ ካፌ የሚባል ቤት አለ። በ1938 ተከፈተ፣ በጦርነቱ በቦምብ ተመታ፣ በ1949 እንደገና ተሠራ። ወጣቶች ሞተራቸውን ደጁ ላይ ደርድረው ሻይ ይጠጣሉ፤ ከዚያ በአውራ ጎዳናው ላይ ይሽቀዳደማሉ። ሕልማቸው በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር መድፈን ነበር። ስለዚህ ፍጥነት የማይጨምር ዕቃ ሁሉ ይነቀላል። መሪው ይወርዳል፣ መርገጫው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ነጂው ሰልባትዮው ላይ ይተኛል። የዘመኑ ቁንጮ ትራይተን ነበር፦ የትራያምፍ ኢንጂን በኖርተን ሻንሲ ላይ። ፌዘርቤድ የሚባለው የኖርተን ሻንሲ በ1950 ለውድድር የወጣ ሲሆን በመታጠፊያ ላይ አያያዙ የተመሰገነ ነበር። ልጆቹ ከአንዱ አያያዙን፣ ከሌላው ጉልበቱን ወስደው አንድ አደረጉት።

ስክራምብለር ከዚያም የቀደመ ነው። እንግሊዞች በ1920ዎቹ በጭቃና በኮረብታ ላይ ሞተር ያሽቀዳድሙ ነበር። ዛሬ የምናውቀው መልኩ የጎላው ግን በአሜሪካ ምዕራብ፣ በካሊፎርኒያ በረሃ ነው። እዚያ ያሉ ነጂዎች ትራያምፍ ቲአር6ን አራቁተው፣ ሰፊ መሪ ገጥመው አሸዋ ላይ ይለቁት ነበር። ሆንዳ በ1962 ሲኤል72 የሚባል ስክራምብለር አወጣ። በዚያው ዓመት ዴቭ ኢኪንስና ቢል ሮበርትሰን በሁለት ሲኤል72 ከቲዋና እስከ ላ ፓዝ ያለውን የሜክሲኮ የባሃ ልሳነ ምድር አቋረጡት፤ ኢኪንስ የፈጀበት ከ40 ሰዓት በታች ነበር። ኋላ የመጣው የባሃ ውድድር መንገዱ የተጠረገው ያኔ ነው። ዱካቲም በርሊነር የሚባሉት ወንድማማች አስመጪዎች ለአሜሪካ ገበያ ስለወተወቱት፣ በ1962 ስክራምብለር ብሎ የሰየመውን ሞተር ሠራ።

ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ትርፍ ዕቃ አውልቀው ይጥላሉ። ካፌ ሬሰር የሚያወልቀው ለመፍጠን ነው። ስክራምብለር የሚያወልቀው ሲወድቅ የሚሰበር ነገር እንዳይኖረውና ነጂው እንደ ልቡ ቆሞ እንዲነዳ ነው። ይህን የያዘ ሰው የትኛው ዕቃ እንደሚያስፈልገውና የትኛው ለጌጥ ብቻ እንደሆነ ለመለየት አይቸገርም።

እጅ፣ መቀመጫ፣ እግር

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ሞተር ላይ ሰውነታችን ሦስት ቦታ ያርፋል፦ መሪው ላይ፣ መቀመጫው ላይ፣ መርገጫው ላይ። አንዱን ስትነኩ ሌሎቹም መነካት አለባቸው።

ብዙ ሰው ካፌ ሬሰር ለመሥራት መጀመሪያ የሚገዛው ክሊፕ ኦን ነው፤ በሁለቱ የፊት ዘንጎች ላይ ለየብቻ የሚታሰር አጭር መሪ። እሱን ያስርና መርገጫውን በቦታው ይተወዋል። ውጤቱ ወገብ የሚቆርጥ አቀማመጥ ነው። ደረት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ጉልበት ወደ ፊት ይወጣል፣ የሰውነት ክብደት በሙሉ የእጅ አንጓ ላይ ያርፋል። መርገጫው ወደ ኋላና ወደ ላይ ሲሄድ ግን እግር የተወሰነውን ክብደት ይሸከማል፣ ወገብም ይተነፍሳል። ክሊፕ ኦን ከኋላ መርገጫ ጋር የሚገዛ ጥንድ ዕቃ ነው ብላችሁ ያዙት። በጀቱ ለሁለቱም ካልበቃ፣ ወደ ታች ትንሽ የጎበጠ አንድ ወጥ መሪ ግዙ። ርካሽ ነው፣ መልኩንም ብዙ አይጎዳም።

ደግሞም ካፌ ሬሰር ሲፈጥን ነው የሚመቸው። በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ነፋሱ ደረታችሁን ከፍ አድርጎ ይይዘውና እጃችሁ ይቀልላችኋል። በ30 ኪሎ ሜትር፣ በመብራትና በትራፊክ መካከል፣ ያ ነፋስ የለም። ፍሪሲዮን በጨበጣችሁ ቁጥር አንጓችሁ ይጮኻል። ከቦሌ ፒያሳ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ይህ ዋዛ አይደለም።

ስክራምብለር ተቃራኒው ነው። መሪው ሰፊና ከፍ ያለ ስለሆነ በዝግታ ሲነዳ ሞተሩ በትንሽ ግፊት ይታዘዛል። መርገጫው ከወገብ ሥር ስለሚቀር፣ ኮረኮንች ሲያጋጥም ብድግ ብሎ ቆሞ ማለፍ ይቻላል። ዕዳውን የሚያስከፍለው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ሰፊው መሪ ክንዳችሁን ይከፍተውና ነፋሱ ደረታችሁን ይመታል፤ ከ100 በላይ ለረጅም ሰዓት መንዳት ያደክማል።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ሞተሩን በሁለት እግሩ አቁሙትና ጓደኛ ከኋላ ይያዝላችሁ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተቀመጡ፣ እጃችሁን ምቾት በሚሰጣችሁ ቦታ አየር ላይ ዘርጉ። ጓደኛችሁ ከመቀመጫው እስከ መዳፋችሁ በሜትር ይለካ። የሚሆናችሁን መሪ የሚነግራችሁ ያ ልኬት ነው።

ክሊፕ ኦን ከታሰረ በኋላ ደግሞ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩት። አውራ ጣታችሁ በመሪውና በሰልባትዮው መካከል ከተቆነጠጠ ሥራው አላለቀም። ጠባብ ቦታ ላይ ስታዞሩ ጣት ተይዞ ሞተር ይወድቃል። ኢንጂኑን አስነስታችሁም ወደ ሁለቱም ወገን አዙሩት። ድምፁ ከፍ ካለ የጋዝ ገመዱ ተወጥሯል ማለት ነው። ለካፌ ሬሰር የፋብሪካው ገመድ ብዙ ጊዜ ይረዝማል፣ ለስክራምብለር ደግሞ ያጥራል። የጋዝ፣ የፍሪሲዮንና የፍሬን ገመድ ዋጋ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ።

የትኛው ሞተር ለየትኛው

ማንኛውም ሞተር ማንኛውንም ይሆናል የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ጥያቄ አብዙ። ሻንሲውን ከጎን ተመልከቱት። ከሰልባትዮው ሥር እስከ መቀመጫው ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከታየ ለካፌ ሬሰር ይሆናል። መቀመጫው ሥር ሻንሲው ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ (እንደ ክሩዘር ሞተሮች) ያንን መስመር ለማምጣት ብዙ ብየዳ ይጠይቃል፤ ባይሞከር ይሻላል።

ሆንዳ ሲቢ750 በ1969 ሲወጣ ዓለምን ያስደነቀ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ለካፌ ሬሰር ድንቅ መነሻ ነው። ክብደቱ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሆነ ግን ስክራምብለር አድርጎ ጭቃ ውስጥ ማስገባት ራስን መቅጣት ነው። ታናሹ ሲቢ350 ለሁለቱም ይሆናል። ሆንዳ ራሱ ተመሳሳዩን ኢንጂን ይዞ፣ ማርሚታውን ወደ ላይ ሰቅሎ ሲኤል350 ብሎ ይሸጠው ነበር፤ ስለዚህ የፋብሪካ ዕቃ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

የቢኤምደብሊው በአየር የሚቀዘቅዙት ቦክሰሮች (ሁለቱ ሲሊንደሮቻቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘረጉት)፣ አር80 እና አር100ን የመሳሰሉት፣ አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው። የኋላው የሻንሲ ክፍል በብሎን የታሰረ ነው። ፈትቶ ማስቀመጥና በምትኩ የተዘጋጀውን አጭር ማሰር ይቻላል። ምንም ነገር አይቆረጥም፤ ሐሳብ ሲቀየር ይመለሳል። እነዚህ ሞተሮች አፈርም አይፈሩም። በ1980 የወጣው አር80 ጂኤስ በ1981 የፓሪስ ዳካርን ውድድር አሸንፏል።

መወሰን ላቃተው ሰው የምመክረው ግን ያማሃ ኤስአር500ን ነው። ታሪኩ ራሱ ምርጫውን ያቀላል። ያማሃ መጀመሪያ ኤክስቲ500 የሚባል ባለ አንድ ሲሊንደር የአፈር ሞተር ሠራ፤ የመጀመሪያው የፓሪስ ዳካር ውድድር በ1979 ሲጠናቀቅ ያሸነፈው እሱ ነበር። ከዚያው ኢንጂን ተነሥቶ በ1978 ለአስፋልት ኤስአር500 ወጣ። ቀጭን ነው፣ ሽቦው ጥቂት ነው፣ ማንም መካኒክ ይፈታዋል። በእግር መርገጫ ብቻ ስለሚነሣ ከባድ ባትሪና የማስነሻ ሞተር የለበትም። ወደ የትኛውም ወገን ብትወስዱት ከባሕርዩ ጋር አይጣላም።

አገር ቤት ያለ ሰው እነዚህን በቀላሉ አያገኝም። መንገዳችን ላይ የሞሉት ባጃጅ ቦክሰርና መሰሎቹ፣ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያላቸው ሞተሮች ናቸው። ለእነሱ ያለ ማመንታት ስክራምብለር እላለሁ። ከኋላ ሁለት አሞርዛተር አላቸው፣ መቀመጫቸው ረጅም ነው፣ ለአፈር መንገድም የተሠሩ ናቸው። ሰፋ ያለ መሪ፣ ጥርሱ መካከለኛ የሆነ ጎማ፣ ከፍ ያለ ፓራፋንጎና ከኢንጂኑ ሥር የላሜራ መከላከያ ከተገጠመላቸው አንጀት ያርሳሉ። ዝቅ ብሎ የሚተኛ ካፌ ሬሰር ግን የሚተኙለት ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ 100 ሲሲ አዲስ አበባ ላይ ያንን አይሰጥም።

አንድ ልመና አለኝ። ያልተነካ፣ ዕቃው የተሟላ አሮጌ ትራያምፍ ቦኔቪል ወይም ቢኤስኤ ጎልድ ስታር እጃችሁ ከገባ አትቁረጡት። እንዲህ ያለ ሞተር በየዓመቱ ቁጥሩ እየቀነሰ ነው፤ ዋጋውም ተቆርጦ አይጨምርም። ለመቁረጥ አስቀድሞ የተጎሳቆለ፣ ዕቃው የጎደለ ሞተር ፈልጉ።

ካርቡራተሩ አገሩን ይጠይቃል

የውጭ ቪዲዮዎች አንድ ነገር ይደጋግማሉ፦ የፊልትሮውን ሳጥን አውጥታችሁ ትንንሽ ፊልትሮ ግጠሙ፣ ማርሚታውን ክፈቱ፣ ከዚያ ካርቡራተሩ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ጄት (ቤንዚን የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ብሎን) አስገቡ። ምክሩ ለባሕር ጠረፍ ሰው ልክ ነው። አየር በብዛት ሲገባ ቤንዚኑም መጨመር አለበት።

አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኢንጂኑ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ከመነሻው ያጣል። በስስ አየር ውስጥ ደግሞ ካርቡራተር ከሚፈለገው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ስለዚህ ክፍት ፊልትሮው የሚያጎድለውንና ከፍታው የሚያተርፈውን ማመዛዘን ያስፈልጋል። የሎስ አንጀለስን ቁጥር እዚህ ብትገጥሙት ሞተሩ ያፍናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን ይብስበታል። በተቃራኒው እዚህ አስተካክላችሁ ወደ አዋሽ ብትወርዱ ቤንዚኑ ያንሰውና ኢንጂኑ ከመጠን በላይ ይግላል።

እውነቱን የምትነግራችሁ ካንዴላ ናት። ሞተሩን በደንብ አሙቁት፣ ጋዝ ይዛችሁ ትንሽ ንዱት፣ ከዚያ ኢንጂኑን በአንዴ አጥፍታችሁ ካንዴላዋን አውጡ። ጫፏ ላይ ያለው ነጭ ሸክላ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ኖራ መስሎ ከነጣ ቤንዚን አንሷል፤ በዚያ ላይ መንዳት ፒስተን ያበሳል።

በቫኪዩም የሚሠራ ካርቡራተር ያላቸው ሞተሮች፣ ሲቢ350ን ጨምሮ፣ የፊልትሮው ሳጥን ሲወጣባቸው ከሌሎቹ የበለጠ ያስቸግራሉ። ለእነዚህ ሳጥኑን ባታወጡት እመርጣለሁ። ካፌ ሬሰር ላይ መቀመጫው ሥር ባዶ ሆኖ ብርሃን ሲያሳልፍ እንደሚያምር አውቃለሁ፤ ለዚያች ባዶ ቦታ ሲባል ግን መካከለኛ ጋዝ ላይ የሚንተባተብ ሞተር መንዳት አያዋጣም። ስክራምብለር ሳጥኑን ቢይዝ መልኩ አይበላሽም፣ አቧራንም ይከላከላል።

ስክራምብለርም ጣጣ አለው

ወደ ላይ የተሰቀለ ማርሚታ ይግላል። ጭንና ባት አጠገብ ስለሚያልፍ የብረት መከላከያ የግድ ነው፤ ከኋላ ሰው የምትጭኑ ከሆነማ ሁለት ጊዜ አስቡበት። ብዙዎች የሚጠመጥሙት የሙቀት ጨርቅ ውኃ ስለሚይዝ ከሥሩ ያለውን ቱቦ ያዝገዋል። ክረምታችን ደግሞ ረጅም ነው። ብረቱ ይሻላል።

ጎማ ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ አስፋልቱን የሚነካው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው። ዝናብ ላይ፣ በተለይ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ፣ ፍሬን ስትይዙ ይንሸራተታል። ዘጠና በመቶ መንገዳችሁ አስፋልት ከሆነ ጥርሱ አጭርና ጠጋ ጠጋ ያለውን ምረጡ። ከቸርኬው ስፋት በላይ የሆነ ጎማም አታስገቡ፤ ቅርጹ ይጣመምና መታጠፊያ ላይ አመሉ ይቀየራል።

ከኋላ ብቻ ረጅም አሞርዛተር መግጠም ሌላው ስሕተት ነው። ኋላው ሲነሣ ፊቱ ይወድቃል፣ መሪው ቁጡ ይሆናል፣ ካቴናውም አካሄዱ ይለወጣል። ሁለቱም ወገን አብረው ይነሡ። ያኔ መደገፊያው እግር ያጥራልና እሱንም አስረዝሙት።

በወጪ ረገድ፣ ለመልኩ ብቻ የሚሠራ ስክራምብለር ከሁሉም ርካሹ ነው፤ በእውነት አፈር ላይ የሚሮጥ ሲሆን ግን የአሞርዛተሩ ዋጋ ኪስ ይጎዳል። ካፌ ሬሰር መካከል ላይ ነው። የሚያስወጣው በአንድ ትልቅ ዕቃ ሳይሆን በገመዱ፣ በሽቦውና በብየዳው ነው።

ብየዳ፣ ፍሬንና ወረቀት

ሻንሲ የሚቆረጥ ከሆነ አሞርዛተሩ ከታሰረበት ነጥብ ወደ ኋላ ያለው ብቻ ይነካ። ከዚያ ወደ ፊት ያለው ክብደቱን ሁሉ የሚሸከም ነው። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይፈታ። ጫፉ ላይ የሚበየደው ጎባጣ ቱቦ ከዋናው ጋር እኩል ውፍረት ይኑረው፣ በመገጣጠሚያው ውስጥም ማጠናከሪያ ይግባበት። ከዚያ አሞርዛተሮቹን ፍቱና ጎማውን በእጅ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አንሡት። ጎማው ቱቦውን ወይም መቀመጫውን ከነካ፣ መጀመሪያ የምትገቡበት ጉድጓድ ላይ ጉድ ይፈጠራል። ካፌ ሬሰር ላይ ይህ ችግር ይበዛል፤ መቀመጫው ዝቅ ስለሚል።

ፍሬን ከመልክ ይቅደም። የአርባና የሃምሳ ዓመት የፍሬን ላስቲክ ቱቦ ፍሬን ሲጨብጡ ያብጣል፣ ግፊቱንም ይበላል። የሽቦ ጥልፍ ያለው አዲስ ቱቦ ይቀየርለት።

ወረቀቱን በተመለከተ እንዳገሩ ነው። ጀርመን ያለ ሰው መሪም ሆነ ማርሚታ ከመቀየሩ በፊት ከቲዩቪ (የተሽከርካሪ ቴክኒክ ምርመራ ድርጅት) መርማሪ ጋር መነጋገር አለበት፤ ያልጸደቀ ዕቃ ሞተሩን ከመንገድ ያስወጣዋል። አሜሪካ ሕጉ እንደ ግዛቱ ይለያያል። አገር ቤት ደግሞ የሻንሲ ቁጥር ያለበት ቦታ እንዳይፋቅና በቀለም እንዳይሸፈን ተጠንቀቁ፣ ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ መብራቱና ፍሬቻው በቦታቸው ይኑሩ። አዲስ አበባ በ2019 በሞተር ላይ ገደብ ጥላ እንደነበር አይረሳም፤ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የፈቃዱን ነገር በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ።

ተሠርቶ የመጣውን መግዛትስ?

መፍታትና መግጠም የማይወድ ሰው ከፋብሪካ የወጣውን ቢገዛ አያፍርም። ትራያምፍ ትራክስተንን በ2004፣ ስክራምብለርን በ2006 አውጥቷል። ዱካቲ ስክራምብለርን በ2015 መልሶ አመጣው። ሮያል ኤንፊልድ ኮንቲኔንታል ጂቲ የሚለውን ስም በ1965 በ250 ሲሲ ጀምሮ፣ በ2018 በ650 ሲሲ አምጥቶታል። ፍሬኑ ዘመናዊ ነው፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ ጠዋት ላይ ይነሣል።

ይህ መንገድ ለሌላም ይጠቅማል። ውጭ ያላችሁ ከሆነ ከመወሰናችሁ በፊት ከሁለቱም ዓይነት አንዳንድ ተከራይታችሁ ግማሽ ቀን ንዱ። በምታውቁት ባዶ መንገድ ላይ ሳይሆን ወደ ሥራ በምትሄዱበት ሰዓትና መንገድ ይሁን። ስትወርዱ የቱ ጋ እንዳመማችሁ ጻፉት፤ ለመካኒኩም ከፎቶው ጋር እሱን አሳዩት።